ሉጥፊያና የሐጂ ሳዲቅ ሽጉጥ

ሉጥፊያ ይማም ካርቱም በገባች በሦስተኛው ሳምንት፣ ሥራ የምታገናኘዋ ጦይባ ሪያድ ሰፈር ወዳለ አንድ ቪላ ይዛት ስትሄድ፣ በመንገድ ላይ «መተኮስ ትችያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሉጥፊያ ትንሽ አመነታች። ጦይባ የጠየቀችው ስለ ካውያ ነበር። ሉጥፊያ ግን ሁለቱንም ትችላለች፤ እንዲያውም ከካውያው ይልቅ ጠብመንጃውን ነበር አጥርታ የምታውቀው። «እችላለሁ» አለች፤ በዚያው ተቀጠረች።

አባቷ ይማም ከባቲ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ቀበሌ የታወቁ ጠብመንጃ ጠጋኝ ነበሩ። ምላጩ የላላበት፣ ሰደፉ የተሰነጠቀበት፣ መሣሪያው ጥይት አልጎርስ ያለበት ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ሞላውን የምትይዝላቸው፣ በርሜሉን የምትወለውለው፣ ዝናር የምትሰፋው ሉጥፊያ ነበረች። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ደግሞ የተጠገነውን ከቤቱ ጀርባ ባለው ገደል ላይ እየተኮሰች የምትሞክረውም እሷ ሆነች። «ባዶ ነው ያለሽን ሰው አትመኚ፤ ራስሽ ከፍተሽ እዪ» ይሏት ነበር። እሳቸው ሲሞቱ የአጎቷ ልጆች መሣሪያውን ተካፈሉት፤ ለእሷ የደረሳት ባል ነበር። ባሉን አልፈለገችውም። በመተማ በኩል ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም ገባች። ዘመኑ 1988 ዓ.ም. ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ቪላ ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ወጥ ስትሠራ ስለ መሣሪያ ትንፍሽ አላለችም። ማን ይጠይቃታል? የቤቱ ጌታ ሐጂ ሳዲቅ የወለልና የመጸዳጃ ቤት ሴራሚክ አስመጪ ናቸው። ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ድመት ግን ይፈራሉ። ድመት ግቢ የገባች እንደሆነ መኪናቸው ውስጥ ሆነው መስተዋቱን ዘግተው ሉጥፊያን በጡሩምባ ይጠራሉ። ሚስታቸው ሲት ዘሃራ ድሮ አስተማሪ የነበሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ የተናገሩት ግን ቶሎ የማይረሳ ሴት ናቸው። ልጆቻቸው ውጭ አገር ይማራሉ። ስለዚህ ትልቁ ቤት ውስጥ የሚኖሩት ባልና ሚስቱ፣ ሉጥፊያ፣ በር ላይ ደግሞ ገፊሩ ማዘንጊያ ነበሩ። ገፊር በካርቱም ዘበኛ ማለት ነው።

ማዘንጊያ የጎንደር ሰው ነው። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ባሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች ሁሉ የቀድሞው ጦር መቶ አለቃ መሆኑ ይታወቃል፤ የሚታወቀውም ራሱ ስለሚናገር ነው። አብረውት የነበሩ ሰዎች እንደሚሉት ከሆነ የክፍሉ የሽንኩርትና የዘይት መጋዘን ኃላፊ ነበር። ዘይቱን በደንብ ይጠብቅ እንደነበር ግን ማንም አልካደም።

በ1997 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ካርቱም ለሦስት ቀን ታወከች። ሱቅ ተቃጠለ፣ መኪና ተገለበጠ፣ ብዙ ሰው ሞተ። ከሐጂ ሳዲቅ መደብር አንድ መስተዋት ተሰበረ። ቆይቶ እንደተጣራው መስተዋቱን የሰበረው በሩን ሊዘጋ የተጣደፈ የራሳቸው ሠራተኛ በመሰላል ጫፍ ነበር። ሐጂ ግን በዚያ መስተዋት ምክንያት ራሳቸውን ከተጎጂዎቹ መደቡ። እንቅልፍ አጡ። በሳምንቱ አንድ ወዳጃቸው ዘንድ ሄደው በጫማ ካርቶን የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ።

ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ ከሲት ዘሃራ ጋር ሳሎን ተቀምጠው ማዘንጊያን አስጠሩት። ካርቶኑን ሲከፍቱ ከውስጡ መዳፍ የምታህል ጥቁር ሽጉጥ ወጣች።

«አንተ ወታደር ነህ» አሉት። «ተደብቃ የምትያዝ ናት ብለው ሰጡኝ። መርምራትና ንገረኝ።»

ማዘንጊያ ሽጉጧን በሁለት ጣቱ አንስቶ በመዳፉ መዘናት፤ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ አሸተታት። ከዚያ ክፍሉን ይቃኝባት ጀመር። አፈሙዙ በቴሌቪዥኑ አለፈ፣ በሲት ዘሃራ የሠርግ ፎቶግራፍ አለፈ፣ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ ሉጥፊያ የሻይ ትሪ ይዛ ቆማለች።

«አንበሳ ናት» አለ ማዘንጊያ። «እኛ በጦር ሜዳ እንዲህ ዓይነቷን የምንይዘው መኮንኖቹ ብቻ ነበርን።»

ሉጥፊያ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና በአማርኛ፣ «ጋሽ ማዘንጊያ፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው ያዙልኝ» አለችው።

«ባዶ ናት እኮ።»

«ከፍተው አዩ?»

«አይተው ነው የሰጧቸው።»

«እስቲ ለእኔ ይስጡኝ።»

ማዘንጊያ ሳቀና ሰጣት። ለመሳቅ የሰጣት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ሉጥፊያ ጣቷን ከምላጩ አርቃ ካዝናውን አወጣች፤ ከዚያ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስትስበው አንዲት ጥይት ዘላ ወጥታ ስኳር መያዣው ውስጥ ወደቀች። ስኳሩ ውስጥ ቀጥ ብላ ቆመች።

ሲት ዘሃራ በሻይ ማንኪያ አወጧትና አገላብጠው አዩዋት። «ሳዲቅ፣ በስንት ማንኪያ ትጠጣለህ?» አሉ።

ሐጂ ወደ ሉጥፊያ ዞሩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሻይ ሲያቀርብላቸው የኖረውን እጅ ገና ያን ዕለት አዩት። «ይህን የት ተማርሽ?»

«ከአባቴ ነው ሐጂ።»

«አባትሽ ሽፍታ ነበሩ?»

«ጠጋኝ ነበሩ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሽጉጧ መርማሪ ሉጥፊያ ሆነች። ማዘንጊያ ወደ በሩ ተመለሰ፤ ለሁለት ሳምንትም አላናገራትም።

ሥራው ሲጀመር ቀላል ይመስል ነበር። ሐጂ በየጠዋቱ ወደ መደብራቸው ከመውጣታቸው በፊት ሽጉጧን አንድ ቦታ ይደብቁና ሉጥፊያ ፊት ይቆማሉ። «ይታያል?» ይላሉ። «ይታያል» ትላለች።

በመጀመሪያ የጀላቢያቸው የጎን ኪስ ውስጥ ከተቷት። ጀላቢያ እንደሚታወቀው ሰፊና ስስ ነው፤ ሽጉጧ ትንሽ ብትሆንም ብረት ነች። ኪሱን እስከ ጉልበታቸው ጎተተችው፣ የቀኙን ትከሻ ዝቅ አደረገችው፤ ሐጂ ሲራመዱ ጭናቸውን እየደበደበች ትሄዳለች። ቀጥሎ በብብት ሥር የሚታሰር የቆዳ አፎት አስመጡ። ያኔ በእርግጥ አልታየችም። ሉጥፊያ ግን፣ «እስቲ ያውጧት» አለች። ሐጂ እጃቸውን በአንገታቸው በኩል ሊሰዱ ሞከሩ፣ አልደረሰም። በእጅጌያቸው በኩል ሞከሩ፣ አልደረሰም። የቀረው መንገድ ጀላቢያውን ከታች ጀምሮ እስከ ደረት መግለብ ብቻ ሆነ። ገልበው ቆሙ።

«ሌባው እስከዚያ ይጠብቃል?» አለች ሉጥፊያ።

«ይህን አይቶ መቼ ይቆማል?» አሉ ሲት ዘሃራ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

ቁርጭምጭሚት ላይም ተሞከረ። ሆዳቸው አላጎነብስ ስላላቸው ሽጉጧን ያሰረችላቸውም የፈታችላቸውም ሉጥፊያ ነበረች። «ሌባ ሲመጣ እኔን ይጥሩኝ እንግዲህ» አለቻቸው፣ ስትነሳ ጉልበቷን እያራገፈች።

ዓርብ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ሉጥፊያ ብዙ ጊዜ የማትናገረውን ተናገረች። «ሐጂ፣ መስጊድ ሲሄዱ እንኳ ቤት ይተዉዋት። ሱጁድ ላይ ተደፍተው ሳሉ ብትወድቅ ምን ሊሉ ነው?»

«ባለፈው ወር ጫማዬ የተሰረቀው የት ሆነና?»

«ለጫማ ሰው ሊተኩሱ ነው?»

ሐጂ አሰቡበት። መልስ እስኪያገኙ ድረስ ሽጉጧ ዓርብ ዓርብ በልብስ ሣጥን ውስጥ ትቀመጥ ጀመር።

በወሩ ሶባ ያለው እርሻቸው ላይ ሊሞክሯት ሄዱ። ሲት ዘሃራም «ይህስ አያመልጠኝም» ብለው ተከተሉ። ሉጥፊያ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ በአፈር ክምር ላይ አቆመችና አሥር እርምጃ ቆጠረች። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። የሽጉጧ እጀታ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣታቸው መያዣ አጥታ አየር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ዓይናቸውን ጨፍነው ተኮሱ። ስድስት ጊዜ ተኮሱ። ቆርቆሮው ንፋስ እንኳ የነካው አይመስልም። ከእርሻው ማዶ ያሉ ፍየሎች ግን ቦታ ቀየሩ።

«ቆርቆሮው ትንሽ ነው» አሉ ሐጂ።

«የሽንት ቤት በር ላምጣልህ?» አሉ ሲት ዘሃራ።

ሉጥፊያ ሽጉጧን ተቀብላ በሁለት እጇ ያዘቻት። የመጀመሪያዋ ጥይት ወደ ግራ አደላች። አባቷ እንዳስተማሯት ትንሽ ቆማ ተነፈሰችና ሁለት ጊዜ ደገመች፤ ቆርቆሮው ሁለቴ ተበሳ። ከዚያ ጥይቱን አራግፋ፣ ባዶ መሆኑን አይታ፣ አሳይታ መለሰችላቸው።

«እንግዲህ ምን ትያለሽ?» አሉ ሐጂ፣ ፍየሎቹን እያዩ።

«ሽጉጧ ደህና ናት» አለች። «ቀላል ናት፣ ጠርዟ ልብስ አይዝም፣ ጥይት ነክሳ አልቆመችም። ከአሥር እርምጃ በላይ ግን እንዳይመኩባት። ምላጯ ጠንካራ ነው፤ እሱ ጥሩ ነው፣ በስህተት አትሳብም። ላብ ዝገት ያመጣባታል፣ የካርቱም አቧራ ደግሞ ይገባታል፤ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ተፈትታ መጠረግ አለባት። ከሁሉ በላይ አቀባብለው አይያዟት። ጥይት በካዝናው ይሁን፣ በርሜሉ ባዶ ይሁን።»

«ለእኔ ትሆናለች ወይ ነው የጠየቅኩሽ።»

ሉጥፊያ ሲት ዘሃራን አየቻቸው። ሲት ዘሃራ ሰማዩን ያያሉ።

«ለእርስዎ አትሆንም ሐጂ» አለች። «ዓይኑን ለሚጨፍን ሰው የተሠራ ሽጉጥ የለም።»

ቤት ሲደርሱ ሐጂ፣ «ቆርቆሮውን ማን እንደመታው ለማንም እንዳትነግሪ» አሏት። በማግሥቱ ማዘንጊያ ለጎረቤት ገፊሮች፣ ሐጂ ከሠላሳ እርምጃ ቆርቆሮ እንደበሱ ሲያወራ ሰማችው።

የመደበቂያውን ነገር የፈታችው ራሷ ናት፤ በኋላ እንደምትለው ከሆነ የየጠዋቱ «ይታያል?» ስለ ሰለቻት ነው። ከድንኳን ሸራና ከአሮጌ ቦርሳ ቆዳ አንድ ኪስ ሰፋች። ኪሱ ከጀላቢያው ሳይሆን ከውስጥ ከሚለበሰው ሱሪ መቀነት ጋር ይያያዛል፤ ክብደቱን የሚሸከመው መቀነቱ ነው። ጀላቢያው በጎኑ ትንሽ ተቀደደና እጅ በዚያ ይገባል። ሐጂ ለብሰው ቆሙ፣ ተቀመጡ፣ መኪና ውስጥ ገብተው ወጡ። ምንም አይታይም። አንድ ነገር ብቻ ቅር አላቸው፦ የኪሱ አፍ በትልቅ ጠንካራ የልብስ ቁልፍ የተዘጋ ነበር።

«ይህ ለምንድን ነው?»

«እንዳትወድቅ ነው» አለች ሉጥፊያ። ከዓመታት በኋላ ለእኔ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው። «የተናደደ ሰው ያን ቁልፍ እስኪፈታ ንዴቱ ይበርድለታል ብዬ ነው» ነው ያለችኝ።

ሐጂ ለሦስት ቀን ያህል ደስ ብሏቸው ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ፊታቸው ጠቆረ። ሽጉጥ እንደያዙ የሚያውቅ ሰው የለም። መደብራቸው ገብተው ይወጣሉ፣ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ፣ ሰው ሁሉ እንደ ድሮው ነው የሚያያቸው። እንዳይታይ ያን ያህል የደከሙበት ነገር ባለመታየቱ ቅሬታ ገባቸው። ስለዚህ ጎናቸውን መታ መታ ማድረግ ጀመሩ። ሲቀመጡ እንደሚቆረቁረው ሰው ወደ ግራ ያዘነብላሉ። የጸጥታ ነገር ሲነሳ ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በሪያድ ሰፈር፣ ሐጂ ሳዲቅ ሽጉጥ መያዛቸውን ያልሰማ ቢኖር ጆሮ የማይሰማው ብቻ ነበር።

ከዚያ ጀላቢያዎች መምጣት ጀመሩ። በመጀመሪያ የጎረቤቱ ኮንትራክተር፣ ቀጥሎ የመድኃኒት አስመጪው፣ ቀጥሎ ጡረታ የወጣው የጉምሩክ ሹም፣ ከነሱም በኋላ ሌሎች አራት ጎረቤቶች። እያንዳንዱ በገፊሩ እጅ ጀላቢያውን ይልክና ኋላ በጓሮ በር በኩል ራሱ መጥቶ፣ «ሉጥፊያ፣ ይህ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር» ይላታል። እሷም «ኢንሻአላህ» ትላለች። ኮንትራክተሩ የፈራው መድኃኒት አስመጪውን ነበር። መድኃኒት አስመጪው የፈራው የጉምሩኩን ሰው ነው። የጉምሩኩ ሰው ሁሉንም ይፈራል፤ ሲሠራ የኖረውን ያውቃልና። ሉጥፊያ ለእያንዳንዳቸው ልክ ወስዳ ሰፋች። ቁልፉን ያለ ልዩነት ለሁሉም አደረገች።

በ1998 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የኮንትራክተሩ እናት ዐረፉ። ለለቅሶው በመንገዱ ላይ ድንኳን ተጣለ፤ ወንዶቹ እዚያ ተቀመጡ፣ ሴቶቹ በግቢው ውስጥ። እንደ ደንቡ የጎረቤት ቤት ሠራተኞች ሁሉ ለማገዝ መጡ። ከቀትር በኋላ ሉጥፊያ የሻይ ትሪ ይዛ ወደ ድንኳኑ አፍ ደረሰች። ሐጂ ሳዲቅ ከፊት ረድፍ ላይ ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጠ አንድ እንግዳ ስለ ከተማው ስርቆት አንስቶ ይናገራል። ሐጂ ፈገግ ብለው እጃቸውን በጀላቢያቸው ጎን ሰደዱ። ያን ጠዋት አቀባብለዋት ነበር። ቁልፉንም ካስወገዱት ሁለት ቀን ሆኗቸዋል፤ ያስቸግረኛል ብለው በመቀስ ቆርጠውት ነበር። ምላጩ ጠንካራ ነው ያለችው እውነት ነው፤ የሐጂም ጣት ግን ከባድ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ሽጉጧ ስትባርቅ የሁሉም ጆሮ ጭው አለ። ጥይቷ ጀላቢያውን በስታ፣ የሐጂን የመርኩብ ጫማ ጫፍ ቆርሳ፣ የመጠጥ ውኃውን በርሜል መታች። ውኃው በቀጭኑ እየፈሰሰ ምንጣፉን ማራስ ጀመረ።

ሉጥፊያ ያየችው ግን ውኃውን አይደለም። ተኩሱ እንደተሰማ በድንኳኑ ውስጥ ያሉ ሰባት ሰዎች ባንድ ጊዜ ቀኝ እጃቸውን በጀላቢያቸው ጎን ሰደዱ። ሰባቱም የእሷ ደንበኞች ናቸው። ሰባቱም ከቁልፉ ጋር ይታገላሉ። ከመካከላቸው አንዱም ሳይፈታ፣ ሁሉም ቀና ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ኮንትራክተሩ የመድኃኒት አስመጪውን እጅ አየ፤ መድኃኒት አስመጪው የጉምሩኩን ሰው አየ። ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ ባዶ እጃቸውን አወጡ። ቁርኣን የሚቀሩት ሼኽ አንዴ ብቻ ቆም ብለው ካቆሙበት ቀጠሉ።

ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ሰባቱ ደንበኞች ሄደው ነበር። ሐጂ ግን የተቆረሰ ጫማቸውን እያዩ ከወንበራቸው ሳይነሱ ቀሩ። መኮንኑ ከሐጂ እጅ የወደቀችውን ሽጉጥ ከምንጣፉ ላይ አንስቶ «የማን ናት?» ሲል ሐጂ ዙሪያቸውን ቃኙ። የፈቃድ ወረቀት የላቸውም፤ ሩኽሳ አላወጡም። ዓይናቸው ድንኳኑ አፍ ላይ ትሪ ይዛ በቆመችው ላይ ዐረፈ።

«የሀበሻዋ ናት» አሉ። «መሣሪያ የምታውቅ እሷ ናት። ኪሱንም የሰፋችው እሷ ናት።»

ይህ የመጨረሻው ውሸት አልነበረም።

ሉጥፊያ ትሪውን ለሌላ ሠራተኛ ሰጥታ ከፖሊሱ ጋር ሄደች። ጣቢያው ውስጥ መኮንኑ የተበሳውን ጀላቢያ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ማስረጃ ተብሎ ከሐጂ ላይ የተወሰደ ነው። ወጣት ሰው ነበር፣ የደከመው የሚመስል።

«ኪሱን አንቺ ሰፋሽው?»

«አዎ።»

«ሽጉጧስ?»

«ፈቃድዎ ከሆነ ይህን ልልበሰው?» አለች።

መኮንኑ ግራ ገብቶት በእጁ ምልክት ሰጣት። ከልብሷ በላይ ለበሰችው። ጀላቢያው ዋጣት፤ እጆቿ እጅጌው ውስጥ ጠፉ፣ ጫፉ ወለሉ ላይ ተነጠፈ። የእጅ ማስገቢያው ቅዳጅ ከጉልበቷ በታች ወረደ፤ ጥይቷ የበሳችው ቀዳዳ ደግሞ ወለሉ ላይ ተኛ።

«እኔ ከዚህ ውስጥ ከተኮስኩ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ መሆን አለበት» አለች።

በክፍሉ ያሉት ፖሊሶች ሳቁ። መኮንኑም ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ኢቃማዋን ጠየቃት። የመኖሪያ ወረቀቷ ከአራት ወር በፊት ጊዜው አልፎበታል። እሱን የማሳደስ ግዴታ የአሠሪዋ ነው፤ አሠሪዋ ደግሞ ስለ ሽጉጥ ሲያስቡ ረስተውታል። ስለዚህ በሽጉጡ ነፃ ናት ብለው ሳቁላትና በወረቀቱ አሰሯት። እዚያው የታሰሩት ሴቶች ምን አድርገሽ ነው ሲሏት፣ «ኪስ ሰፍቼ» አለቻቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሲት ዘሃራ በሩክሻ፣ በባለ ሦስት ጎማዋ ታክሲ፣ መጡ። የቤቱ ሁለት መኪኖች ግቢው ውስጥ ቆመው ሳለ እሳቸው በሩክሻ መጡ። መኮንኑ ፊት ቆመው፣ ለተማሪ ቃል እንደሚያስጽፉ ያህል እየቆራረጡ ተናገሩ። «ሽጉጧ የባለቤቴ ናት። የገዛት እሱ ነው። የተኮሳት እሱ ነው። ይህች ልጅ አቀባብሎ እንዳይዛት ነግራዋለች፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። ጻፈው።» መኮንኑ ጻፈ። ኢቃማዋንም ሲት ዘሃራ ራሳቸው አሳደሱት።

ሐጂ ሳዲቅ አልታሰሩም። አንድ ከሰዓት በኋላ ቃላቸውን ሰጥተው በወዳጆቻቸው ዋስትና ወጡ። ወር ሳይሞላ ሩኽሳ ወጣላቸው፤ ፎቶግራፍ ያለበት፣ ማኅተም የተመታበት። ሽጉጧም ተመለሰችላቸው። ስድስቱ ጎረቤቶቻቸው ይህን ሰምተው ለራሳቸው ማመልከቻ አስገቡ። የጉምሩኩ ሰው ብቻ የራሱን ሸጠ፤ ማን ማን እንደታጠቀ ካወቀ በኋላ የሁሉንም ብዛት ቆጥሮ የእሱ አንድ ምን ዋጋ አለው ብሎ ይሆናል።

ሉጥፊያ ዕቃዋን ስትሸክፍ ሐጂ ወደ ክፍሏ በር መጡ። ገብተው አያውቁም ነበር።

«ሉጥፊያ፣ የሸይጣን ሥራ ነው» አሉ።

«ሸይጣን ስሜን አያውቀውም ሐጂ። የነገሩት እርስዎ ነዎት።»

«ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም ፈርቼ ነበር። ግን እርስዎን አልጠቆምኩም።»

ሻንጣዋን አንስታ በጎናቸው አለፈች።

በሩ ላይ ማዘንጊያ አገኛት። ሻንጣውን ተቀብሎ እስከ መንገዱ ተሸከመላት። «እኔ ብሆን መስክሬልሽ ነበር» አላት። «የቤት ነገር ሆነብኝ እንጂ።» በዚያው ሳምንት ካርቱም ሁለት ባለ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ በለቅሶ ድንኳን የተነሳ የተኩስ ልውውጥ በትእዛዝ እንዳስቆመ ሲናገር የሰማ ሰው ነግሮኛል። «ተኩስ አቁም ስል ሰባት ሰው እጁን አወጣ» ብሏል። እጃቸውን ማውጣታቸው እንኳ እውነት ነው።

ሲት ዘሃራ ከእናታቸው የወረሱትን የእግር የልብስ ስፌት መኪና ሰጧት። ሉጥፊያ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ አንድ በር ያለው ክፍል ተከራየችና የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሶፋ ልብስ፣ የተቀደደ ሱሪ መስፋት ጀመረች። ታናሽ እህቷን ሁስናን አስመጣቻት፤ ሁስና አረብኛውን ከሰው ጋር እየተጣላች በአንድ ዓመት ለመደችው። እኔ ያወቅኋት ያኔ ነው፣ ሱሪ ላሳጥር ገብቼ። ታሪኩን የነገረችኝ መርፌዋን በጥርሷ ይዛ፣ ቀና ሳትል ነበር።

የሪያድ ሰፈር ሰዎች አልተዉዋትም። መኪናቸውን ጥግ ላይ አቁመው፣ ጀላቢያ በላስቲክ ጠቅልለው ይመጣሉ። የሽጉጥ ኪስ አልሰፋም ትላቸዋለች። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን አብዛኞቹ የሚመጡት ለሽጉጥ አይደለም። ሁለተኛ ሞባይል ይዘዋል፤ ሚስታቸው የማታውቀው። ለእሱ በውስጥ በኩል፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ቀጭን ኪስ ይፈልጋሉ። ሉጥፊያ ይህን ትሰፋለች። ልክ ትወስዳለች፣ አስቁማ ታያለች፣ አስቀምጣ ታያለች።

«ይታያል?» ይሏታል።

«አይታይም» ትላለች። «ግን ድምፁን ያጥፉት።»

ባለፈው ረመዳን አንዱ ሳያጠፋው ቀርቶ ስልኩ ሚስቱ ፊት ጮኸበትና በሦስተኛው ቀን ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ መጥቷል። ኪሱን ሳይሆን ጀላቢያውን ነበር የሚያስጠግነው። ሁስና አንድ ጊዜ አየችው፣ ሉጥፊያን አየችና ወደ ጓሮ ሄደች፤ ሳቋ ግን እስከ ውጭ ይሰማ ነበር። ሉጥፊያ ቅዳጁን ለካች። ከአንገት እስከ ወገብ ይደርሳል።

«ለሐሙስ ይደርስልኛል?» አለ ሰውየው።

«ለሐሙስ ይደርሳል» አለችውና ክር መረጠችለት።